ብረት የሚያባብለው አማች

ከየቤተሰቡ አንድ አይታጣም። አዲስ ዕቃ መግዛትን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ፊቱ የሚበራ፣ «ቆይ እስቲ ልየው» ብሎ ከፈታ በኋላ ቤተሰቡን ሁሉ ለጸሎት የሚዳርግ ሰው። እናንተ ቤት ከሌለ፣ እንግዲህ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

እማማ ቤት ይህ ሰው የልጃቸው ባል ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሰፈሩ ግን «ኢንጂነሩ» ይለዋል። እማማ ደግሞ ሲከፋቸው «ክቡር ኢንጂነር» ይሉታል። ሲከፋቸው ማለት ከሰኞ እስከ እሑድ ነው።

ክቡርነታቸው መኪና የላቸውም፤ ጋራዥ ግን አላቸው። ከቤቱ ጀርባ ያለች፣ አንድ ብረት የሚይዝ ሞርሳና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምትችል ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ውስጥ ኩሽኔታን፣ ማለትም ጎማ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን የብረት ቀለበት፣ ዘንግ ላይ ማስገባት እንደ ሃይማኖት ነው። ሌላው ሰው መዶሻ አንሥቶ ቋ! ቋ! አድርጎ ይገላገላል። እሱ ግን የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። «ብረት አይመታም፤ ይባበላል» ይላል። የሚያባብለው ደግሞ ዘንጉን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ ነው፤ ብርድ ያኮማትረዋል። ኩሽኔታውን በዘይት ያሞቀዋል፤ ሙቀት ያሰፋዋል። ከዚያ ሁለቱ ሲገናኙ ያለ ጠብ ይገባሉ።

በዚህ ጥበብ ምክንያት እማማ ያላዩት ጉድ የለም። አንድ ቀን ሥጋ ነው ብለው ከፍሪዘር ያወጡት እሽግ ድስቱን ሊሸነቁረው ምንም አልቀረው። ሌላ ቀን መጥበሻው ላይ የብረት ቀለበት ሲንጫጫ ደረሱ።

«ሽንኩርት ልጨምርበት?» አሉት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው» አላቸው ኮስተር ብሎ። የሚቀልዱ አልመሰለውም።

«ሰው ጠፍቶ ነው ይሄን ያገባሽው?» ይሏታል ልጃቸውን።

«እማዬ፣ ቢያንስ የት እንደሚያመሽ አውቃለሁ» ትላለች እሷም።

ታዲያ የእማማ ዊልቸር የቀኝ ጎማው መንገዳገድ የጀመረው በክፉ ሰዓት ነው። ታናሽ እህታቸው ጓዟን ጠቅልላ ባሕር ማዶ ልጇ ዘንድ ልትሄድ በዋዜማው። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ከእንግዲህ በዓይነ ሥጋ መተያየታቸውን እንጃ። የእህትዮዋ ቤት ደግሞ መኪና በማይገባበት ቀጭን መንገድ ላይ ነው። ልጃቸው «ጎረቤቱ ይዘልዎት» ብትላቸው፣ «ታዝዬ ልሰናበታት? ቆሜ ሳለሁ!» አሉ፤ ከቆሙ ዓመታት ማለፋቸውን ረስተው።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ለብሰው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እህታቸው እኩለ ቀን ላይ ትወጣለች። ክቡር ኢንጂነር የጎማውን ዘንግ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ከጋራዡ ብቅ አለ። «ገባ! ሳይነካ ነው የገባው!» ካለ በኋላ ዘንጉን አስተውሎ ሲያየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ትንሿ የብረት ቆብ ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ቀርታለች።

ቆቧ አቧራ የምትከለክል ናት፤ ከኩሽኔታው በፊት ካልገባች በኋላ በምንም አትገባም። ይህን ስህተት ያልሠራ ባለሙያ የለም። አልሠራሁም የሚል ካለ ይዋሻል።

«እሺ፣ አውጣውና መልሰው!» አለች ሚስቱ።

«ሲነቀል ውስጡ ይጎዳል፤ ከዚያ አያስተማምንም።» ከኪሱ ሌላ አዲስ ኩሽኔታ አወጣ። «ሁልጊዜ ሁለት ነው የምገዛው።»

«ለምን?»

«ራሴን ስለማውቅ።»

ግን ዘንጉ ሞቋል፤ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሚስቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «የሰፈሩን በያጅ ልጥራው፣ በአንድ ምት ያስገባዋል!» ብላ ወደ በሩ ሮጠች።

እማማ የሚሉት ተዘጋጅቶ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ እርግማኑ ከነማጣፈጫው። አማቻቸውን ቀና ብለው አዩት። ዘንጉን በሸሚዙ ጫፍ ደጋግሞ ይጠርጋል። አንጀታቸውን በላቸው።

«ነይ ተመለሺ!» አሉ። «ማንም መዶሻ እንዳያነሣ። ይቀዝቅዝ። እኔንም ጋራዡ ውሰዱኝ። አንተ ደግሞ ያቺን ቆብ አምጣት፤ ከእኔ እጅ ሳትቀበል አንዲት ነገር አታስገባም።»

የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ከነወንበሩ አንሥተው ወሰዷቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ጋራዡን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ዘንጉ ከፍሪዘር ውርጭ ለብሶ ሲመጣ፣ አማችየው እንደ ቀዶ ሐኪም እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ ቆብ።»

በግራሶ ቅባት የጠቆረችውን ቆብ ሰጡት። ገባች። ቀጥሎ ትኩሱን ኩሽኔታ በጨርቅ ይዞ ዘንጉ አፍ ላይ አስቀመጠው። ሽው ብሎ ወርዶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«ይኸው ነው?» አሉ እማማ።

«ይኸው ነው።»

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» አሉ፤ ካፋቸው አመለጣቸው።

ጎማው ተገጠመ፤ እህታቸው ቤት ሻንጣው ደጅ ሲወጣ ደረሱ። እህትማማቾቹ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። ታናሺቱ እጃቸውን ልትስም ስትል ጥቁር ነገር አየች።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ግራሶ ነው፤ አንቺ አይገባሽም» አሉ እማማ፤ እያለቀሱም ሳቁ። ከዚያ ሄደች።

ሲመለሱ ክቡር ኢንጂነር ወንበሩን እየገፋ አንድ ጊዜ «አይዞዎት» አለ። መንገዱ ረዘመባቸው። እማማ በሩ ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«የግራው ጎማስ?»

«እሱ ደህና ነው፣ እማማ። ምንም አልሆነ።»

«ይሁን። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈትተን እንየው።»

ክቡር ኢንጂነር በሕይወቱ ደህና ጎማ ፈትቶ አያውቅም። በማግስቱ ፈታ።