የጊታሩ ዘመን አንደኛ ማን ነው?

ሰውን ከሰው የሚያጣላ የመሬት ድንበር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዘፋኝም ያጣላል!

ሞላና ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ሞላ ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ መካኒክ ነው። ሰይድ ባሕር ዳር ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ሦስታችንን ያየ ከአንድ ማሕፀን የወጣን ይመስለዋል። የድሮ ዘፋኝ ስም እስኪነሣ ድረስ! ያ ጊታርና ኦርጋን አገሩን ያጥለቀለቀበት፣ አባቶቻችን ሱሪያቸውን ከታች አስፍተው የጨፈሩበት ዘመን አለ አይደል? የዚያን ዘመን ዘፋኞች ከአንድ እስከ አሥር ካላሰለፍን እህል አይበላልንም። አንደኛው ላይ ግን ተስማምተን አናውቅም። ባለፈው ሰሞን ሞላና ሰይድ በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈው ሰላምታ ተነፋፈጉ። ላስታርቃቸው መሐል ብገባ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ ጆሮ የለህም!» አሉኝ። አስታራቂ ምን ያተርፋል?

ኩርፊያው በረድ ካለ በኋላ የሞላ እኅት ጣና ማዶ ቁንዝላ ስትዳር አብረን በጀልባ ሄድን። ገና ከባሕር ዳር እንደራቅን ክርክሩ ተጀመረ። ሰይድ ትሁኔን አምስተኛ አደረጋት። ትሁኔ አንድ ካሴት አውጥታ የጠፋች ዘፋኝ ናት። ሞላ ሣቀበት። በአንድ ካሴት አምስተኛ? አሥረኛም ይበዛባታል! ደግሞስ «እሷማ ድሮ ሞታለች» ብሎ አረዳን።

ፊት ለፊታችን ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉና፣

«መቼ ተቀበርሁ ልጄ?» አሉት።

ሞላን ባያችሁት! ሰው ሲያፍር «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ይላል። እሱ ግን ውኃ ላይ ነው፤ መሬት ከየት ይምጣለት? እሳቸው አልተቆጡም። የሙዚቃ ባንዳቸው ሲበተን ቁንዝላ አግብተው እንደቀሩ አጫወቱን። ያመነም ነበር፣ ያላመነም። እኔ ካላመኑት ነበርሁ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ጣናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጧት እንደ መስተዋት ተኝቶ ያረፍዳል፣ ኋላ ጠባዩን ይለውጣል። ይባስ ብሎ ሞተሩ ትርትር አለና ቀጥ አለ። ሞገዱ ጀልባዋን ያላጋት ጀመር። ውኃው እግራችን ሥር ገባ። ሞላ መካኒክነቱን ረስቶ እመቤቴን ይጠራል፣ ሰይድ ዱዓ ያደርጋል። በዘፋኝ የተኳረፉት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል! እኔማ የጀልባዋን እንጨት ይዤ ሙጭጭ ብያለሁ።

ያኔ እማማ ትሁኔ ዘፈኑ።

መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ቀስ እያለ ድምፃቸው ከፍ አለ። ምን ልበላችሁ? ካሴቱ ላይ ያለው የኮረዳ ድምፅ አይደለም። ሻክሯል፣ ዕድሜ ገብቶበታል። ግን ነፋሱን ሰንጥቆ ሲወጣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን ዝም አለ። ሞተሩ ላይ ያጎነበሰው ባለጀልባ ተረጋግቶ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ሞትን ረሳሁት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? «ብሞትም ይህን ሰምቼ ነው» አልሁ በልቤ። ሞተሩ ሲነሣ ዘፈኑ ሊቋረጥ ነው ብዬ ቅር አለኝ። ሰይድም እንደዚያው ሆኖ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል።

እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ስፈራ ካልዘፈንሁ አልችልም» አሉ። እሳቸውም ፈርተው ኖሯል!

ቁንዝላ ስንወርድ ሞላ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም መካሪ መሆን አማረኝ። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። እንዲህ ያለ ጸጋ እንደ ገበያ በግ አይማረጥም። ከዛሬ ጀምሮ አንደኛ ሁለተኛ ማለቱን ትተነዋል» አልኋቸው። ሞላና ሰይድም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እማማ ትሁኔ ደነገጡ። «ምን ሲደረግ ትተዉታላችሁ?» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። ግራ ቀኙን ቃኙ። ከዚያ በዚያው ባንድ አብራቸው ስትዘፍን የነበረችውን ዘርትሁንን ስንተኛ እንዳደረግናት ጠየቁኝ።

«ሦስተኛ» አልሁ።

«እኔን ደስ ያላችሁ ቦታ አድርጉኝ፤ ዘጠነኛም ልሁን» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷን ብቻ አሥረኛ አድርጉልኝ።»