አላስገባም ከእንተዋወቃለን ጋር የተዋወቀበት ጉባኤ

የሰው ልጅ ታላላቅ ጉዳዮችን በጥቃቅን ሰዎች እጅ ጥሎ ብዙ ተጎድቷል። የቢቸና ሕዝብ ግን ዕድለኛ ነው፤ የአቶ ስጦታው ውሻ ጉዳይ በእኛ በሽማግሌዎች እጅ ወደቀ። እኔ መንግስቴ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ሥራ በጡረታ የተገለልሁ ሰው፣ የልዑካን ቡድኑን በሰብሳቢነት መርቻለሁ። ሌላ ሰው ባለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ተመረጥሁ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። አቶ ስጦታው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖር ነበር። ብቻውን ማለቴ ከ«አላስገባም» ጋር ነው። አላስገባም ስሙን በሥራው ያስከበረ ትልቅ ውሻ ነው። የጎረቤት ውሻ በአጥሩ አጠገብ ማለፍ ትቷል፤ የሰፈሩ ድመቶችም ኑሯቸውን ጣራ ላይ አድርገዋል። ስጦታው የሞጣዋን ወይዘሮ አገሬን ለትዳር ሲጠይቅ ሁሉ ነገር ሰመረ፤ ችግሩ እሷም ውሻና ድመት አላት። የውሻዋ ስም «እንተዋወቃለን» ነው። እንደ አገራችን ልማድ፣ ውሻው በተጠራ ቁጥር አንድ ክፉ ጎረቤት እንዲሰማው ተብሎ የወጣ ስም ነው።

«እነሱን ትቼ አልመጣም» አለችው በስልክ። «የእርስዎ ውሻ የሚነክሳቸው ከሆነም አልመጣም። ሁዳዴ ሳይገባ ቁርጡን ያሳውቁኝ።»

ስጦታው እንቅልፍ አጣ። ሴትዮዋን ይወዳታል፤ ውሻውንም ይወደዋል። እኔና እሱ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ሰብለ ወንጌል ሄድን።

«ያደገ ውሻም ይለምዳል፤ ብቻ አትቸኩሉ» አለችን። «መጀመሪያ ሁለቱ ውሾች ገለልተኛ ቦታ ላይ ይገናኙ። በገመድ ይዛችሁ፣ ራቅ ራቅ አድርጋችሁ አራምዷቸው። ለድመቷ ደግሞ ውሻው የሚተኛበትን ጨርቅ አስቀድማችሁ ላኩላት፤ ጠረኑን ትልመደው።»

ይህ ምክር ላልበሰለ ሰው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ጥልቀቱ ገባን። ሐኪሟ ገለልተኛ ቦታ ያለችው ከስጦታው አጥር ውጪ ያለውን ሜዳ እንደነበር ኋላ ሰምተናል። እኛ የቢቸናም የሞጣም ያልሆነ ስፍራ ስንፈልግ ቆይተን፣ በሁለቱ መካከል የምትገኘውን ደብረ ወርቅን መረጥን። ጨርቁን በተመለከተም፣ ውሻ የተኛበትን እራፊ ወደ ሞጣ መላክ የከተማችንን ገጽታ የሚያበላሽ ሆኖ ስላገኘነው አዲስ ጋቢ በሳሙና አሳጥበን ላክን። ድመቷ ወዳው ተኝታበታለች አሉ። የሳሙናውን ጠረን በሚገባ ለምዳለች።

በቀጠሮው ቀን ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ተገናኘን። የሞጣን ወገን የመራው አቶ ፋንታ ነበር፤ ከዘራውን እንደ ሥልጣን ይዞ መጣ። ድመቷ በቅርጫት ሆና በታዛቢነት ተገኘች። እኔም የመክፈቻ ንግግር አደረግሁ። ይህ መድረክ የሁለቱን ውሾች መልካም ጉርብትና ለማጎልበት ያለውን ፋይዳ ሳብራራ፣ አላስገባም አዛጋ።

«ከመራመዳቸው በፊት አንድ ነገር ይጣራ» አለ አቶ ፋንታ። «የዚህ ውሻ ዘሩ ከማን ነው?»

«አባቱ አይታወቅም» አለ ስጦታው፣ ቀና ሰው ስለሆነ።

«አይታወቅም? አባቱ ካልታወቀ ጋር የእኛ ውሻ እንዴት አንድ ግቢ ይግባ?»

እኔ የከተማዬን ክብር ማስጠበቅ ነበረብኝ። «የእርስዎስ ይታወቃል?» አልሁት።

ስለ ውሻቸው ነበር የጠየቅሁት። ሰውየው ግን ያደገው በቅኔ አገር ነው፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን ሰማ።

«እኔን ነው አባትህ አይታወቅም የምትለኝ?» አለ። እርስዎ መባባላችን እዚያው ላይ አበቃ። የእሱን አያት አነሣሁ፤ የእኔን ቅድመ አያት አነሣ፤ ከዘራው ተነሣ፤ ሊገላግሉ የያዙን የሁለቱ ወገን ሰዎችም እርስ በርስ ተያያዙ። ውይይቱ እጅግ ፍሬያማ በሆነ መንገድ እስከ ከሰዓት ዘለቀ።

በዚህ መካከል ስጦታውና አገሬ ገመዳቸውን ይዘው ሜዳውን ይዞሩ ነበር። ውሾቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ተላመዱ፤ ከዚያም ክብር ባለው ዘገባ ውስጥ ስሙ ከማይጠራ ቦታ ላይ ተሻተቱ። ደክሟቸው ጋደም ሲሉ አገሬ ቅርጫቱን አቀረበች። አላስገባም አፍንጫውን አስጠጋ። ድመቷ አንድ ጊዜ በጥፊ አለችው፤ ወደ ኋላ ብሎ በጨዋነት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ግልጽ የሆነ አሠራር ሰፍኗል።

አገሬ ወደ እኛ መጣችና እጅ ነሣች። «አባቶቼ፣ ጨርሰናል።»

«ምኑን?» አልናት።

«ተዋውቀዋል። ይኸው ተኝተዋል።»

«እኛ ሳንስማማ?» አለ አቶ ፋንታ። «ሽማግሌ ተጣልቶ ጋብቻ የለም። ከፋሲካ በኋላ ይታያል።»

«ትክክል ነው» አልሁ። በዕለቱ ከአቶ ፋንታ ጋር የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

ስጦታው ፊቱ ጠቆረ። እንደዚያን ቀን ያሳዘነኝ ጊዜ የለም፤ ሆኖም አቋም አቋም ነው። አገሬ ግን አልደነገጠችም።

«ሰርጉ እሑድ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ታርቃችሁ ከሆነ ብቅ በሉ። ካልታረቃችሁ ግን አትምጡብን፤ ውሾቹ ክፉ ጠባይ ይለምዱብናል።»

እሑድ ታርቀናል ብለን ሄድን። እኔን ከዳሱ አንድ ጥግ፣ አቶ ፋንታን ከሌላው ጥግ አስቀመጡን። ጠብ እንዳይነሣ ሁለቱን ውሾች በመካከላችን አስተኟቸው። ድምፃችንን ከፍ ባደረግን ቁጥር አላስገባም ቀና ብሎ ያየናል፤ እኛም ዝም እንላለን።