ለጣሊያኗ ያለቀሱ ሽማግሌዎች

እኛ ሐበሾች አዛኞች ነን፤ የምናዝንለት ሰው ሩቅ አገር ይሁን እንጂ! ቅርብ ከሆነማ ማዘኑን ትተን መምከር እንጀምራለን። አጋነንሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ላውራችሁና ፍረዱ።

ማኅበራችን እዚህ ኦስሎ፣ ቫይትቬት ሰፈር በተከራየው አዳራሽ የጣሊያን ፊልም አሳየን። አንዲት ሴት ባሏን ትታ፣ ትንሽ ልጇን ይዛ ትወጣለች። ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች የሰው እጅ ሳላይ ልኑር ትላለች። ልጁን የሚይዝላት ስታጣ የአንሶላ ክምር ላይ ታስተኛዋለች። እኔ አላለቀስኩም። ባሌን ፈትቼ፣ ስቶቭነር ሰፈር የሁለት ዓመት ልጄን ብቻዬን የማሳድግ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ የራሴን ኑሮ በጣሊያንኛ ባየው ምን ይጨምርልኛል?

አዳራሹ ግን ለቅሶ ቤት ሆነ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን በመሐረብ ይጠራርጋሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ጽጌማ አትጠይቁኝ... "ወይኔ፣ ልጁን ለሦስት ሰዓት እንኳ የሚይዝላት ይጥፋ?" እያለች ትነፋረቃለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለካ ከዓይን ብቻ ሲያለቅሱም አይገድም።

ይሄን ሁሉ ርኅራኄ ሳይ እኔም ተስፋ አደረግሁ። ሰኞ ጠዋት አልናብሩ ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ መንጃ ፈተና አለብኝ። ካለፍኩ ቋሚ ሥራ አገኛለሁ፤ ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ድጎማም እገላገላለሁ። ልጄ የሚውልበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ባርነሃገው፣ ደግሞ የዚያን ቀን ለሠራተኞቹ ስብሰባ ዝግ ነው።

"ጽጌዬ፣ ሰኞ ናቲን ለሦስት ሰዓት ያዢልኝ።"

እንባዋ ወዲያው ደረቀ። "ኔይ... አይመቸኝም፤ ሰኞ እንኳ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ።"

ሌሎች አምስት ሰዎች ጠየቅሁ። ሰኞ ዕለት ኦስሎ ውስጥ ጥርሱን የማያመው ሐበሻ አልተገኘም። አፍ ዳገት አይፈራም፤ እጅ ግን ዳይፐር ይፈራል።

ሰኞ ማለዳ፣ ፈተናው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ስንቆራጠጥ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከሁለት ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር፣ ሦስቱም ከረባት አስረዋል። ልጁን ሊይዙልኝ የመጡ መስሎኝ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

"ልጄ፣" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ "ያቺ ጣሊያን የሚያስታርቃት ሽማግሌ አጥታ ነው እንደዚያ የተንከራተተችው። አንቺ ግን እኛ አለንልሽ። ባልሽም ሽምግልና ሂዱልኝ ብሎናል፤ ታረቂው።"

ደሜ ፈላ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁና ቀዝቀዝ አልኩ።

"አባቶቼ፣ ሽማግሌ ቆሞ መልስ አይቀበልም። ግቡ፣ አረፍ በሉ።"

ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ናቲን አንስቼ ጋሽ ወልዴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

"መልሴን ይዤ እመለሳለሁ። ገንፎው ምድጃው ላይ ነው፣ ዳይፐሩ መሳቢያው ውስጥ።"

"እንዴ፣ ቆይ እንጂ ልጄ..." ሲሉ እኔ ደረጃውን ጨርሻለሁ።

ፈተናውን አለፍኩ። እየበረርኩ ስመለስ አንደኛው ሽማግሌ ሶፋው ሥር ተንበርክከው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ከረባታቸውን ከናቲ አፍ ለማስለቀቅ ይለምኑታል። ጋሽ ወልዴ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸው በገንፎ ተለስኖ፣ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ናቲ ዳይፐሩን የኋላውን ወደፊት ለብሶ ይስቃል። ለአንድ ዳይፐር ሦስት ሽማግሌ!

"ለባልሽ ደወልንለት፤ መጥተህ ልጅህን ያዝልን ብለን።" ድምፃቸው ደክሟል።

"ታዲያ ምን አላችሁ?"

"'እናቱ የት ሄዳ ነው?' አለና ዘጋብን።"

ኮታቸውን አንስተው፣ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ወጡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉና ዞረው አዩኝ።

"ልጄ፣ ዕርቁ ይቅርብሽ።"