ግንባሬና የአማቴ ቅቤ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ብጉርስ? መደበቂያ ስለሌለው መድኃኒቱ ይበዛበታል። ሆዱን የታመመ ሰው ሐኪም ፍለጋ ይንከራተታል፤ ብጉር ያወጣ ግን ከደጃፉ እስከ ቀበሌ ሱቅ ወረፋ ድረስ፣ ሳይጠይቅ የሚያዝለት አያጣም። በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ ለእኔ ያልታዘዘልኝ የለም። አንዷ ሬት አለች፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና። ጎረቤታችን እማማ ፋጡማ ደግሞ «ወላሂ፣ ስታገቢ ይጠፋል!» ብለው ደመደሙት። ደግነቱ እጮኛ ነበረኝ፤ አሰንዳቦ የሚያስተምር ልጅ። ክፋቱ፣ እናቱ አዴ ጫልቱ ሊያዩኝ ሊመጡ ነው።

ቀኑ በቀረበ ቁጥር እናቴ ጸጉሬን ቅቤ ታጠጣው ጀመር። እሷ በርጩማ ላይ፣ እኔ ከጉልበቷ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እየቀባች የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ታወራኛለች። ጸጉሬ ወዛ። ግንባሬ ግን እንደ ጥቅምት ቡና ቀላ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ከግንባሬ በፊት የጸጉሬን ዳር ነካና ጣቱን አሸተተ።

«ማነው የሚቀባሽ?»

«እናቴ።»

«ቅቤው ነው ወደ ግንባርሽ እየወረደ የሚደፍነው። ተይው። ፊትሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ደግሞ አታፍርጪው።»

ሳሙናስ ተሰልፎም ቢሆን ይገኛል፤ የከበደኝ ለእናቴ መንገር ነው። «ከተወለድሽ ጀምሮ የቀባሽ እጅ ዛሬ በሽታ ሆነ?» አለችና የቅቤውን ዕቃ ከድና አስቀመጠችው። ግንባሬ እያደር ጠራ። በርጩማው ግን ባዶውን ቀረ፣ ወሬውም አብሮ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ? ናፈቀኝ።

አዴ ጫልቱ መጡ። ከነጠላቸው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጡና «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ! ነይ ልጄ!» አሉኝ። መቼም የአገሩን ወግ ታውቃላችሁ፤ የባል እናት አናትሽ ላይ ቅቤ ካኖረች መርቃ ተቀበለችሽ ማለት ነው። ያን ቅቤ የሸሸች፣ ልጁንም የሸሸች ናት። እኔ ጨንቆኝ ስቁለጨለጭ የተናገረችው፣ ያችው ያኮረፈችው እናቴ ናት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አዴ ጫልቱ፣ ልጄን ሐኪም ከልክሏታል።»

የአዴ ጫልቱ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ግን የማየው እናቴን ነበር። የእሷን ቅቤ ላስጣለኝ ሐኪም፣ ለእኔ ስትል ጠበቃ ቆመችለት! ብጉሩ ቢመለስም ይመለስ ብዬ ተንበርክኬ አናቴን ሰጠሁ። አዴ ጫልቱ ቀቡኝ፣ ወልደሽ ሳሚ ብለው መረቁኝ። የተረፈውን ቅቤ ከነቅጠሉ ለእናቴ አቀበልኳት።

«አንቺም ቀቢኝ» አልኳት።

እንቢ ትላለች ብዬ ስፈራ፣ በርጩማዋን እየሳበች መጣች። ወሬዋንም ካቆመችበት ቀጠለች።

ሐኪሙ አልተሳሳተም። በሰርጌ ዋዜማ ግንባሬ መሃል አንድ ብጉር ብቅ አለ። ፎቶው ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል፤ ከሙሽራው ይልቅ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው።