በመስኮቱ ላይ የተሰቀለው ቀለም

የልጄን ትምህርት ቤት አስተዳደር ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች መክፈቻው ሲቃረብ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ መምህርና ስለ መጸዳጃ ቤት ውሃ ሲጨነቁ ይታያሉ። የእኛው ግን እነዚህን ጥቃቅን ጉዳዮች ለሌላ ጊዜ አሳድሮ፣ ሙሉ ኃይሉን በዋናው ነገር ላይ፣ ማለትም በደንብ ልብስ ቀለም ላይ አዋለ። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት በየቦታው አይገኝም።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ያለፈው ዓመት የደንብ ልብስ ለምን እንደከሸፈ አብራሩልን።

"ዓምና ሰማያዊ አልናችሁ። ምን አመጣችሁ? አንዱ የባሕር ሰማያዊ፣ አንዱ የእስክሪብቶ ሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ እሱም የማያውቀው ሰማያዊ። አስተዳደሩ ጥናት አድርጓል። ችግሩ ያለው ቀለሙ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ቀለሙ ስም አይኖረውም።"

"ታዲያ በምን እንወቀው?" አለ ከኋላ አንድ ወላጅ።

"በናሙና" አሉ ርዕሰ መምህሩ፤ ጭብጨባም ጠበቁ። አጨበጨብን።

ናሙናው ክንድ የሚያህል ቁራጭ ጨርቅ ነው። ወላጅ ሁሉ ከግቢው ሆኖ እንዲያየው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተሰቀለ። መስኮቱ የተመረጠው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ስለማይለየውና ቀለሙን ወለል አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ፎቶ ማንሣት ተከለከለ፤ ስልክ ቀለም ላይ ይዋሻል ተባለ። ቁራጭ መውሰድም ተከለከለ፤ ሁሉም አንዳንድ ክር ቢመዝ ናሙናው ያልቃል። ከወላጅ የሚጠበቀው ቀለሙን አይቶ፣ በዓይኑ ይዞ፣ ሳያመልጠው ጨርቅ ተራ መድረስ ብቻ ነው። ልብሱ ከናሙናው ጋር ያልተመሳሰለለት ልጅ በመክፈቻው ዕለት ከበር ይመለሳል፤ ቦታውም ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኔም ውሳኔ አክባሪ ስለሆንኩ እዚህ የቀለሙን ስም አልጠራም።

"ከበር ይመለሳል" የምትለው ነገር ግን እኛን ቤት በተለይ ነካች። ልጃችን ዓምና አንደኛ ክፍል ልትገባ ሄዳ "ዕድሜዋ ጥቂት ይቀረዋል" ተብላ ከዚያው በር ተመልሳለች። ዓመቱን ሙሉ የሰፈሩ ልጆች ቦርሳቸውን አንግበው ሲያልፉ ከበረንዳ ሆና ስታያቸው ከረመች። ዘንድሮም ብትመለስ ምን እንደምንላት እናቷም እኔም አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ባለቤቴ ከሁሉም ቀደመች። በስብሰባው ማግስት መስኮቱ ፊት ቆማ ናሙናውን ትክ ብላ ካየች በኋላ ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰጠችኝ።

"ምራኝ" አለች።

"ደረጃ አለ፣ ቀስ በይ።"

"አታናግረኝ፣ ያመልጠኛል።"

ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት። "ምነው፣ ዓይኗን አሟት ነው?" አሉኝ በሐዘኔታ።

"አይ፣ ቀለም ይዛ ነው" አልኳቸው።

"የልጅ ልጄም እዚያው ነው የሚማረው" አሉና ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላሉም። እንዳያመልጣት ብለው ነው።

ጨርቅ ተራ ደርሰን ባለሱቁ ጣቃውን ሁሉ ከዘረጋጋ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ምንም ሳታመነታ አንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ልብስ ሰፊው ገበር የሌለው ቀለል ያለ ኮት አድርጎ ሰፋው። ልጃችን ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች፤ ቀጥሎም ለብሼው ካልተኛሁ ብላ አለቀሰች። እናቷ ትራሷ አጠገብ አጥፋ አስቀመጠችላትና እጇን ኮቱ ላይ እንደጣለች እንቅልፍ ወሰዳት።

እንዲህ ደስ ብሎን ሰነበትን። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ነርሷ ጎረቤታችን የልጇን ኮት ይዛ መጣች። እሷና ባለቤቴ ከእህት በላይ የሚቀራረቡ ናቸው። ሁለቱን ኮቶች አልጋ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

"ውይ፣ ያንቺ ጠቁሯል" አለች ነርሷ።

"ያንቺ ነው እንጂ የነጣው።"

"እኔ እኮ አይቼ በቀጥታ ነው ገበያ የሄድኩት። ትናንት።"

"ከአዳር ሥራ ወጥተሽ ነዋ። የደከመ ዓይን ነገሩን ሁሉ ያነጣል።"

"በዚህ ዓይን ነው እቴ ለሰው መርፌ የምወጋው።"

"የሚወጉትን እግዜር ይሁናቸው።"

ተኳረፉ። ልጆቹ እየተጫወቱ እናቶቹ በረንዳ ላይ ሲተላለፉ ፊት ይዟዟሩ ጀመር። በመጨረሻ አስታራቂ ሆኜ ኮቶቹን እንዳስያዝኳቸው መስኮቱ ፊት ወሰድኳቸው። ናሙናው ከሁለቱም ኮቶች ነጥቶ አገኘነው። ባለቤቴና ነርሷ ተያዩ፤ እኔን ረስተው ተያይዘው ወደ ቢሮው ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው።

"ጌታዬ፣ ናሙናውን ፀሐይ መትቶት ቀለሙን ለቋል" አለች ባለቤቴ።

"ናሙና ቀለም አይለቅም" አሉ ርዕሰ መምህሩ በእርጋታ።

"እንዴት አይለቅም? ጨርቅ አይደለም እንዴ?"

"ጨርቅ የነበረው ሱቅ ሳለ ነው። በአስተዳደሩ ከጸደቀ በኋላ ናሙና ነው። ናሙና ከተለወጠማ ምኑን ናሙና ሆነ?"

"ታዲያ የኛ ኮት ለምን ጠቆረ?"

"እሱን እንግዲህ ወላጅ ነው የሚመልሰው። እርስዎ ተቻኩለዋል፤ እኚህ ደግሞ ዘግይተዋል። በወቅቱ የገዛ ወላጅ ቅሬታ የለውም።"

"በወቅቱ የገዛ ማን ነው?" አለች ነርሷ።

"እስካሁን አልቀረበም።"

"ቢያንስ ከመስኮቱ ያንሡት፤ ከዚህ በላይ እንዳይነጣ" አለች ባለቤቴ።

ርዕሰ መምህሩ ደነገጡ። "ከመስኮት አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ልክተተው? ግልጽነቱስ? ነገ በስውር ነው የሚሠሩት ልትሉ ነው?"

ይህን የመሰለ ግልጽነት ፊት ለፊት ቆሞ መከራከር ነውር ስለሆነ ኮቶቻችንን ይዘን ወጣን። በዚያው ሳምንትም፣ ወላጅ ልብሱን ወደ ናሙናው የማቀራረብ ኃላፊነት እንዳለበት በየቤታችን ተነገረን።

ሰፈራችን እንደዚያ ሰሞን በሥራ ተወጥሮ አያውቅም። በየአጥሩ፣ በየጣሪያው፣ በየበረንዳው ኮት ተሰቀለ። እናቶች ጠዋት ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፤ ፀሐይ ዞር ስትል ኮቱን ተከትለው ያዞራሉ። ደመና ብቅ ሲል ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን ያጨፈግጋል። አመሻሽ ላይ ኮታችንን ይዘን መስኮቱ ዘንድ ስንሄድ ግን ናሙናው ሁልጊዜ ትንሽ ቀድሞን ይገኛል። እኛ ስንነጣ እሱም ይነጣል፤ ሥራውን የሚወድ ናሙና ነበር። ነርሷ ትዕግሥቷ አልቆ ኮቱን በረኪና ውስጥ ነከረችው። እዚህም እዚያም ነጫጭ ደሴቶች በቀሉበትና ኮቱ ካርታ ሆኖ ወጣ።

ልጃችን ኮቷ ታጥቦ ታጥቦ ክርኑ ሲሳሳ እያየች አንድ ቀን ከእናቷ አጠገብ ቆመች።

"እማዬ፣ ኮቴ ምን አጥፍቶ ነው ሁልጊዜ የሚሰቀለው?"

"ምንም አላጠፋም የኔ እናት። እንዲያስገቡሽ ነው።"

"ትምህርት ቤት ሳይሄድ አረጀ እኮ።"

ባለቤቴ ለልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ መጭመቅ ቀጠለች። የምትጨምቀው ግን ባዶ እጇን ነበር። እኔም ውሳኔ ውሳኔ ነው ብዬ የልብስ ማስጫውን ገመድ አጠበቅኩ።

በመክፈቻው ዋዜማ ተሳካልን። ኮታችን ከናሙናው ጋር አንድ ዓይነት ሆነ፤ ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ቆማ በደስታ አለቀሰች። በማግስቱ ልጅቷ ገና ሳይነጋ ሁላችንንም ቀስቅሳ ስለነበር ከሰልፉ ፊት የቆምነው እኛ ነን።

ርዕሰ መምህሩ ለዕለቱ ክብር ሲሉ ናሙናውን ከመስኮቱ አስወርደው በሰሌዳ ላይ በምስማር አስመትተውት ነበር። ጥበቃው በሁለት እጁ ይዞት ወጣ። ናሙናው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ጠቆር ብሎ፣ ደምቆ፣ አምሮበታል። ሰልፉ ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለች ባለቤቴ።

"ከቢሮዬ መስኮት።"

"ተገልብጦ ነው የተመታው። ፀሐይ ያላየው ጀርባው ነው ይሄ።"

"እመቤት፣ ናሙና ጀርባ የለውም" አሉና የልጃችንን እጅጌ ያዝ አድርገው ከጨርቁ ጋር አስተያዩት። "አይመሳሰልም። በጣም ነጥቷል። የሚቀጥለው።"

ልጅቷ አላለቀሰችም። የበሩን ብረት በአንድ እጇ ጨብጣ ቀረች፤ የሚቀጥለውም ልጅ እሷን ሳያልፍ መግባት አልቻለም። ጥበቃው ወደ ሰማይ ያይ ጀመር። እኔ አንድ ነገር ለመናገር አፌን ከፍቼ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደምጠቅስ ሳስብ ባለቤቴ ቀደመችኝ። ተንበርክካ የልጅቷን ኮት አወለቀች፤ ገለበጠችው፤ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ መልሳ አለበሰቻት። ስፌቱ በሙሉ ወጣ፣ ክሩ ተንጨፈረረ፣ ኪሶቹ በግራና በቀኝ ተንጠለጠሉ። ፀሐይ ያልነካው የኮቱ ውስጥ ግን እንደተገዛበት ቀን ነበር።

ርዕሰ መምህሩ እንደገና እጅጌዋን ያዙና አስተያዩ። ፊታቸው በራ።

"ይኸውላችሁ! ትክክለኛ ልብስ አላት አይደል እንዴ? ከመጀመሪያው እንዲህ ለብሳ ብትመጣ ሰው ለምን ታጉላላላችሁ? ግቢ ልጄ፣ ግቢ።"

ገባች። ከኋላችን ሰልፉ ሁሉ የልጆቹን ኮት ያወልቅ፣ ይገለብጥ፣ ያለብስ ጀመር። የነርሷ ልጅ ኮት ቢገለበጥም ባይገለበጥም ካርታ ስለነበር ርዕሰ መምህሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ "ይህ በሽግግር ላይ ያለ ነው" ብለው አሳለፉት። ወዲያውም ደረጃው ላይ ቆመው አጭር ንግግር አደረጉ። የደንብ ልብስ ታሪክ በዚህች ዕለት አዲስ ምዕራፍ እንደገባ፣ ኪስ ወደ ውጭ መሆኑም ለቁጥጥር እንደሚያመች፣ ይህ ሁሉ ግን ከጥናቱ የሚጠበቅ ውጤት እንደሆነ ገለጹ። በልቤ ደግሜ አደነቅኋቸው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠበቅናት። ክሯ እንደተንጨፈረረ፣ ኪሶቿ እየተወዛወዙ፣ ፊቷ በደስታ ፈክቶ እየሮጠች መጣች። እናቷ ቦርሳዋን ተቀበለቻት፤ እኔም አቅፌ አነሣኋት።

"እሺ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?" አልኳት።

"ቀለም ተማርን። መምህሯ ቅጠል አሳየችንና ቀለሙ ምንድን ነው አለች። ሁሉም ዝም ሲሉ እኔ እጄን አወጣሁ።"

"ጎበዝ። ምን ብለሽ መለስሽ?"

"ገና አልተወሰነም አልኳት።"

ባለቤቴና እኔ ተያየን።

"አልተቆጣችሽም?" አለቻት እናቷ።

"አልተቆጣችኝም። ሄዳ በሩን ዘጋችና ቀስ ብላ፣ 'ልክ ነሽ፣ ተቀመጪ' አለችኝ።"