የጋሽ ጠና ምራቅ

ጋሽ ጠና ሰፈሩን ረግመዋል የሚለው ወሬ ሆሳዕናን አዳርሶ ሌሞ ወረዳ ገብቷል። ውሸት ነው። ሰውየው ረግመው አያውቁም፤ መመረቅ ነው ያቆሙት። ለሰፈራችን ግን ይሄ ከእርግማን በምን ይለያል?

መቼም መራቂ ሽማግሌ የሚያጣ ሰፈር የለም። ክቡርነታቸው ጋሽ ጠና ግን ሙሽራ፣ አራስ፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ የፈተና እስክሪብቶ ሳይቀር አያልፋቸውም። «እንትፍ! እንትፍ! ለምልሙ!» የጎረቤታቸውን የሆሴዕን ባጃጅ በመረቁ በሳምንቱ ቦይ ገብታ ተገለበጠች። ሆሴዕ ግን «ባይመርቋት ኖሮ እኔም አልተርፍም ነበር!» ብሎ አስጠግኖ ድጋሚ አስመረቃት።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሲፋቁ መፋቂያው ደም ይዞ ወጣ። በማግስቱም ደም። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ወዲህ አራስ ስትመጣባቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው «ጉንፋን ይዞኛል» ይላሉ። ወሬው የተወለደው ይሄኔ ነው። እሳቸውን እንቅልፍ የነሳቸው ግን ሌላ ነው፦ ልጃቸው ሳምሪ የበኩር ልጇን ይዛ እሑድ ከዱራሜ ትመጣለች። «አባዬ ሳይመርቀው ስም አይወጣለትም» ብላለች።

መጨረሻ ላይ ለሆሴዕ ሹክ አሉት፤ እሱም ጎትቶ ጥርስ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ነርሷ ትርሲት ትንሽ ብልቃጥ አቀበለቻቸው።

«እዚህ ውስጥ ይትፉልኝ።»

«ማንን ልመርቅ?»

«ማንንም። ድድ ሲቆጣ ምራቅ ውስጥ የሚተወው ምልክት አለ፤ እሱን ነው የምናየው።»

ሰፈር ሙሉ ያረሰረሰው አፍ ክው ብሎ ደረቀ። ስንት ተለምኖ ብልቃጡ ውስጥ ጥቂት ጠብ አለ።

ትርሲት ውጤቱን ይዛ ተመለሰች። «ምልክቱ ከፍ ብሏል ጋሼ። ግን በጊዜ መጥተዋል፤ ሐኪሙ ያጸዳልዎታል፣ ይድናል።»

«ምራቄ ነው የታመመው?»

«ድድዎ ነው። ምራቁማ መልእክተኛ ነው።»

«እሑድስ? ሕፃኑስ?»

«እስኪድኑ ባይተፉበት ይሻላል። በቃል ይመርቁታ።»

«በቃል ብቻ? እኔ ካድሬ ነኝ?»

ሆሴዕንና ትርሲትን ሳቅ መጥቶባቸው ነበር፤ የጋሽ ጠናን ፊት ሲያዩ ተመለሰ። ሆሴዕ ኮፍያውን አውልቆ እግራቸው ስር በርከክ አለ። «ለኔ እንደ ድሮው ይሁንልኝ ጋሼ፤ እኔ ሕፃን አይደለሁም።»

ጋሽ ጠና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«ሆሴዕ... ያቺ ባጃጅ ስትገለበጥ፣ ያኔም ታምሜ ነበር እንዴ?»

ሆሴዕ ምርቃቱን እየጠበቀ እንዳጎነበሰ ነው።