የጉንዳን መሳዮች ዳኛ

በየገበያው፣ አገር ሁሉ ሲቸኩል እሱ የሚዘገይ አንድ ፍጡር አይጠፋም። ለጎጃም በረንዳ የደረሱት እትዬ ሠርኬ ናቸው፦ ጥራጥሬ ነጋዴ፣ በተጨማሪም የተከበሩ የነፍሳት ዳኛ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይታይ» ይላሉ። ሚዛን ላይ ጉንዳን ከወጣ ሽያጭ ይቆማል፤ የጎረቤታቸው የእኔ ደም ይፈላል። ብርጭቆ ይደፉበታል፣ አጉሊ መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ ከዚያ ፍርድ። አንዴ «ጉንዳን ነው በቃ» ብዬ ስጮህ «እግሩን ቁጠር» አሉኝ። ስምንት። ለካ ሸረሪት ነው፤ የፊት እግሮቹን አንስቶ ቀንድ አስመስሏቸዋል። «ደላላ በለው» አሉ፣ «በሰው ኮት የሚመጣ።»

ባለፈው ሳምንት የሀያቱ ምስር መጋዘን ውስጥ ጥቋቁር ነገሮች ጆንያ ላይ ሲሯሯጡ ታዩ። ሀያቱ መርዝ የሞላ መርጫ አዝሎ መጣ። ተሸካሚዎቹ ምሳ የሚበሉት፣ ጎናቸውን የሚያሳርፉት እዚያው ጆንያ ላይ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ መርጨት፣ ኋላ ሬሳ መሸኘት ለምደናል።

እትዬ ሠርኬ በሩን ዘግተው ቆሙ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይታይ።»

«እትዬ፣ የጉንዳን ምኑ ይታያል? ምስሬን ሊጨርሱት ነው።»

«እስቲ አንድ የተበላ ፍሬ አምጣልኝ።»

ሀያቱ ዘገነ፣ ደግሞ ዘገነ። አጣ።

እሳቸው ተንበርክከው አንዱን በብርጭቆ ያዙ። «የጉንዳን ቀንድ እንደ ክርን ይታጠፋል፣ የዚህ ቀጥ ያለ ነው። የጉንዳን አፍ መቀስ ነው፣ የዚህ መርፌ። እሸት ይመጥጣል እንጂ ደረቅ ምስር አይነካም። የትኋን ዘመድ ነው፤ ወፍ እንዳይለቅመው ልጅነቱን ጉንዳን መስሎ ያድጋል። እሸት ያስገባ ማነው?»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ይመር፣ አንገቱን ደፋ። ለቤቱ የገዛውን የባቄላ እሸት ከጆንያዎቹ ኋላ ሸጉጦት ኖሯል። እሸቱ ወጣ፣ ጆንያው ተራገፈ፣ ወለሉ ተጠረገ። ሀያቱ መርጫውን ከጀርባው አወረደ።

«እድሜ ይስጥዎት» አለ ይመር።

«እጅህን ታጠብና ምሳህን ብላ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ይቺን ብርጭቆ ከነእስረኛው ሱቄ አድርስልኝ። ሆዱን በደንብ አላየሁትም።»

ለቀብር እንኳ መንገድ የማልለቅ እኔ፣ ብርጭቆውን በመዳፌ ከድኜ ግርግሩ መሀል ገባሁ። አንድ ባለጋሪ «ዘወር በል!» አለኝ።

«አንተ ቁም» አልኩት፤ «ገና አልታየም።»